ድርብ ክንፍ ለምትሠሩ ልጆች

ልጆቼ፣

ባለ ድርብ ክንፍ (አንዱ ክንፍ ከሌላው በላይ የሆነ) ትልቅ በሬዲዮ የሚመራ ሞዴል አውሮፕላን ከንድፍ ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ እንጨት ከመቁረጣችሁ በፊት የቆማችሁበትን ከፍታ አስቡ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል በስድስተኛ እጅ ይሳሳል። ደብረ ማርቆስ ላይ በአምስተኛ እጅ ይሳሳል። ስለዚህ ያው አውሮፕላን እዚህ ለመነሣትም ለማረፍም 10 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ፍጥነት ይፈልጋል፤ የቤንዚን ሞተሩም ጉልበት ይጎድለዋል። አየሩን ማወፈር አይቻልም፤ ክብደቱን መቀነስ ግን ይቻላል።

ፖቴዝ 25ን ብትመርጡ ደስ ይለኛል፤ በ1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያረፈው አውሮፕላን ነው። የላይኛው ክንፉ 14.14 ሜትር ስለሆነ በአንድ ስድስተኛ ልክ አሳንሳችሁ ስትሠሩት 2.36 ሜትር ይወጣል። ተሠርቶ ሲያልቅ ከ8 ኪሎ አይለፍ።

ንድፉን ስታሳትሙ ማሽኑ ከወረቀቱ ጋር ለማስማማት እንዳያሳንሰው ተጠንቀቁ። በቁመትም በወርድም 50 ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ አረጋግጡ፤ ወረቀቱ በአንድ በኩል ብቻ ሊሳብ ይችላል፣ ያን ጊዜ የክንፍ ጎድኖቹ አይገጥሙም።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው በጅራት ነው። የጥንት አውሮፕላን አፍንጫው አጭር፣ ጅራቱ ረጅም ነው። ጅራቱ ከሚዛን ነጥቡ (አውሮፕላኑ ሳያዘነብል ከሚቆምበት ነጥብ) 90 ሴንቲ ሜትር፣ ባትሪው ያለበት አፍንጫ 30 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ጅራት ላይ የፈሰሰ 20 ግራም ኮላ አፍንጫ ላይ 60 ግራም እርሳስ ያስጭናል። ስለዚህ ጅራቱን ባልሳ ከሚባለው እጅግ ቀላል እንጨት ሥሩ፣ ሰርቮዎቹን (መሪውን የሚያንቀሳቅሱትን ትናንሽ ሞተሮች) ወደ ክንፉ አቅርባችሁ መሪውን በስስ የብረት ገመድ ሳቡት። የእንጅባራ ቀርቀሃ በሙቅ ውኃ ተነክሮ ለክንፍ ጫፍ ቅስት ግሩም ነው፤ ጅራት ላይ ግን አታስጠጉት፣ ከባልሳ እጅግ ይከብዳል። የሚዛን ነጥቡ ንድፉ ካመለከተው ወደ ኋላ ፈጽሞ አይሂድ፤ ጥቂት ወደ ፊት ቢያደላ ግን አይጎዳም።

የክንፎቹን ማያያዣ ሽቦዎች አታጥብቁ፤ ልል አለመሆናቸው ይበቃል። አንዱ ከሌላው ይበልጥ ከጠበቀ ክንፉ ይጠመዘዛል፤ ፍጥነት ሲቀንስ አውሮፕላኑ በአንድ ወገን ቀድሞ ይወድቃል። የግራና የቀኝ ክንፍ አንግል ልዩነት ከግማሽ ዲግሪ እንዳይበልጥ ሽቦው ከታሰረ በኋላ እንደገና ለኩ፤ ሳይታሰር የተለካ ልክ ዋጋ የለውም።

ቤንዚን ሞተር ከሆነ ነዳጁ ለሳሳው አየር ይበዛበታልና ነዳጁን የሚመጥነውን የካርቡሬተሩን መርፌ ጥቂት አጥብቁ። የኤሌክትሪክ ከሆነ አንድ ኢንች የሚበልጥ ፕሮፔለር ሞክሩ፤ ሞተሩ እንዳይግል የሚስበውን የኤሌክትሪክ መጠን (አምፒር) ለኩ።

ፈቃድ ጠይቁ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ራቁ። ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ አብርሩ፤ አስቀድማችሁ ሬዲዮው የሚደርስበትን ርቀት ሞተሩ እየሠራ ፈትሹ። ስታሳርፉ ደግሞ ሁለት ክንፍና ያ ሁሉ ሽቦ አየር እንደሚጎትቱ አትዘንጉ። ሞተሩን ቀድማችሁ ከዘጋችሁት አይንሳፈፍም፣ ይዘቀዘቃል፤ ጎማው መሬት እስኪነካ ድረስ ጥቂት ጉልበት ይኑረው።