ቀለሙ ሲጎድል የሚያንጠባጥብ ብዕር

«ጋሼ፣ ከአባቴ የወረስኩት ፓርከር 45 የቀለም ብዕር አለኝ። ቀለም የሞላሁት ዕለት ቆንጆ ይጽፋል። በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ቀን ግን ገና ወረቀት ላይ ሳሳርፈው ጠብ ያደርጋል። ክዳኑ ውስጥም ቀለም ይጠራቀማል። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴን ለማየት አዳማ እሄዳለሁ፤ ስመለስ ጭራሽ ይብስበታል። አንድ የሰፈር ልጅ የቀለም መምጠጫውን ቀይሮ አጥብቆልኝ ነበር፣ አልተሻለውም። እኔም በላርጎ አጠብኩት፣ የባሰ ሆነ። የምሠራው አራት ኪሎ ቢሮ ነው፤ እስካሁን ሁለት ሸሚዝ አበላሽቶብኛል። ኒቡ፣ የሚጽፈው የብረት ጫፉ፣ ይቀየር ይሆን?»

እህቴ፣ ኒቡን አትቀይሪው። ኒቡ ጤነኛ ነው ብዬ እወራረዳለሁ።

ደብዳቤሽን «በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ቀን» እስከሚለው ድረስ እንዳነበብኩ ነው የጠረጠርኩት። ችግሩ የኒብ ቢሆን ኖሮ ብዕሩ ሞልቶም ጎድሎም እኩል ያስቸግርሽ ነበር። ሲሞላ ደህና ሆኖ ሲጎድል የሚያንጠባጥብ ብዕር ጉዳዩ ከአየር ጋር ነው። ቀለሙ በለቀቀው ቦታ አየር ይቀመጣል። ወይ ያ አየር እያበጠ ቀለሙን ይገፋዋል፣ ወይ ደግሞ አየር መግባት በሌለበት በር እየገባ ነው። ያንቺው ሁለቱም አለበት፤ ዋናው ግን ሁለተኛው ነው። ያ ልጅ የገጠመልሽ መምጠጫ የፓርከር አይደለም። ሳላየው ነው ይህን የምልሽ።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። እሳት አታስጠጊው። ክብሪት፣ ላይተር፣ ሻማ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ የፈላ ውኃ፣ አንዱንም እንዳትሞክሪ። ምክንያቱን ቆይቼ እነግርሻለሁ።

አሁን ስለ አየሩ ላውራሽ። ፒያሳ በረንዳ ላይ ሰዓትና ብዕር ስጠግን ለመጣ ሰው ሁሉ ያስረዳሁት ነገር ነው። ትንሽ ታገሺኝ።

የዘይት ቆርቆሮ ስትከፍቺ ስንት ቦታ ነው የምትበሺው? ሁለት ቦታ። በአንዱ ዘይቱ ይወጣል፣ በሌላው አየር ይገባል። አንድ ብቻ ከበሳሽው ዘይቱ እንቢ ይላል፤ ቢወጣም ቡልቅ ቡልቅ እያለ ነው። ፈሳሽ ከዝግ ዕቃ የሚወጣው በምትኩ አየር ሲገባ ነው። ብዕርም በዚሁ ነው የሚሠራው። ልዩነቱ፣ በብዕር የቀለሙም የአየሩም መንገድ ከታች፣ ከኒቡ ሥር ነው። ከላይ በኩል ዝግ ነው፣ ዝግም መሆን አለበት።

ቀለሙን እስከ ጫፍ የሚያደርሰው ደግሞ ሌላ ኃይል ነው። ኩራዝ አስታውሺ። ጋዙ ከታች ነው፤ ማንም ሳይገፋው ግን ክሩን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። ፈሳሽ ጠባብ ቦታ ሲያገኝ ግድግዳውን ይዞ ይሄዳል። ቦታው በጠበበ መጠን አያያዙም ይጠብቃል። ቁም ጸሐፊ መቃውን ቀርጾ ጫፉን መሃል ለመሃል የሚሰነጥቀው ለዚሁ ነው። ከቀለም ቀንዱ ሲነክረው ስንጥቁ ቀለሙን ይይዛል፣ ብራናውን ሲነካ ይለቀዋል። የፓርከርሽ ኒብ መሃል ያለው መስመርም ያው ስንጥቅ ነው፣ ብረት ላይ ተሠራ እንጂ።

መቃው በየመስመሩ መነከር አለበት። ቀለሙን ብዕሩ ሆድ ውስጥ እናኑረው ሲባል ነው የመፍሰስ ጣጣ የመጣው። ሉዊስ ዋተርማን የሚባል የኒውዮርክ ሰው እ.ኤ.አ. በ1884 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ብዕር ከኒቡ ሥር ቦይ የተቀደደለት ቁራጭ ነበረው። በቦዩ ውስጥ ደግሞ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉ። ቀለሙ በዚያ ይወርዳል፣ አየሩም በዚያው ይወጣል። ይህ ቁራጭ ፊድ ይባላል። የዛሬ ብዕሮችም የሚሠሩት በዚሁ ሐሳብ ነው።

ስትጽፊ የሚሆነው እንዲህ ነው። ወረቀቱ እንደ ኩራዝ ክር ቀለሙን ከጫፉ ላይ ይመጥጣል። ትንሽ ቀለም ይወጣል። ላዩ ዝግ ስለሆነ ውስጥ የቀረው አየር ይሳሳል፤ ግፊቱ ከውጭው ያንሳል። ይህን ጊዜ የውጭው አየር ቀለሙን ከታች ደግፎ ይይዘዋል። ሌላ ትንሽ ቀለም ሲወጣ የግፊቱ ልዩነት ይበዛል። ያኔ አንዲት የአየር አረፋ በፊዱ ቦይ ሽቅብ ሹልክ ትላለች። ግፊቱ ይስተካከልና ቀለም እንደገና ይወርዳል። ጫፉን ከወረቀቱ ስታነሺው ሁሉም ባለበት ይቆማል። ቫልቭ የለው፣ መክፈቻ መዝጊያ የለው። ሥራውን ስጀምር ያስገረመኝ ይህ ነው፤ ዛሬም ያስገርመኛል።

ማየት ከፈለግሽ ለስላሳ ስትጠጪ ስትሮውን ከላይ በጣትሽ ድፈኚና አንሺው። ውስጡ ያለው አይወርድም። ጣትሽን ስታነሺ ወዲያው ዝርግፍ ይላል። አሁን ወደ አንቺ ብዕር እንምጣ። መምጠጫው ከብዕሩ አንገት ጋር የሚገናኝበት አፍ ላይ የፀጉር ያህል ክፍተት ካለ፣ ጣትሽን ከስትሮው ላይ አነሳሽ ማለት ነው። አየሩ በኒቡ በኩል በወግ በወጉ መግባቱን ትቶ ከላይ ይገባል። ቀለሙን ደግፎ የሚይዘው አይኖርም፣ ይወርዳል።

ፊዱ ላይ ከጎን የተደረደሩ ቀጫጭን ክንፎች ያሉት ብዕር አይተሽ ይሆናል። ለጌጥ አይደሉም። ትርፍ ቀለም ሲመጣ በመካከላቸው ይይዙታል፣ ስትጽፊ መልሰው ይሰጡታል። ግን የሚይዙት ትንሽ ነው። ሲሞሉ የመጣው ሁሉ ክዳንሽ ውስጥ ይገባል።

የአዳማውም ነገር ከዚሁ ጋር ይሄዳል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ 2,350 አካባቢ። ወደዚህ ስትወጪ የውጭው አየር ግፊት ይቀንሳል፤ ብዕርሽ ውስጥ የታሸገው አየር ደግሞ ከመቶ 8 እጅ ያህል ያብጣል። መምጠጫው በሙሉ ቢሞላ 1 ሚሊ ሊትር እንኳ አይሆንም። ግማሽ ሚሊ ሊትሩ አየር ከሆነ፣ በመንገድ ላይ ተገፍቶ የሚወጣው ቀለም አንድ ጠብታ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። የሞላ ብዕር ውስጥ ግን የሚያብጥ አየር የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ አያፈስም። የሸሚዝ ኪስም በሰውነትሽ ሙቀት ያንኑ ሥራ ይሠራል፣ መጠኑ ያንሳል እንጂ። አውሮፕላን ስትሳፈሪ ደግሞ ብዙ ሰው የሚፈራው ከቦሌ ሲነሳ ነው። የአውሮፕላኑ ውስጥ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ አይሄድም፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያ ብዙም አይርቅም። መፍራት ያለብሽ ከጅቡቲ ወይም ከዱባይ ስትመለሺ ነው።

ቢክ ለምን እንዲህ አያስቸግርም ካልሽ፣ ቀለሙ እንደ ማር ወፍራም ነው፤ ጫፉንም ኳሷ ትደፍነዋለች። ጎኑ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ አየር ማስገቢያ ናት። ልጆች በፕላስተር ሲደፍኗት አያለሁ፣ ተዉአት።

አሁን ወደ ሥራው። ቀለሙን ድፊና የብዕሩን እጀታ ፍቺ። መምጠጫው ብቅ ይላል። አፉን በደንብ እዪው። ፓርከር የራሱ የአፍ ልክ አለው፤ ሌላው ሁሉ አይገጥመውም። ገበያ ላይ «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ የሚሸጠው ርካሽ መምጠጫ ለዚህ ብዕር አይሆንም። ሁለቴ ሲገባና ሲወጣ አፉ ይሰፋል። ከውስጥ የሚመላለሰው ላስቲክም ቶሎ ይላላል። ከላስቲኩ ጀርባ ቀለም ካየሽ ያ መምጠጫ አልቆለታል። እንዲህ ዓይነቱን ዕቃ የሚያመጡ ሰዎች አንድ ቀን በራሳቸው ሸሚዝ ቢሞክሩት ደስ ይለኝ ነበር።

አፉ ዙሪያ ነጭ ደረቅ ነገር ካለ ሱፐር ግሉ ነው። እንዳለ እገምታለሁ። «አጥብቆልኝ» ያልሽው እሱ ነው። ልክ ያልሆነን ዕቃ በሙጫ ማሰር ጥገና አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሰው እጅ ማሰር ነው። ቴፍሎን የተጠቀለለበት፣ ማስቲካ የተለጠፈበት ሁሉ መጥቶልኝ ያውቃል።

ሙጫውን በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ እንዳትነኪው፣ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። አንገቱን ከነመምጠጫው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ንከሪውና ሁለት ሦስት ቀን ተይው። ውኃውን በየቀኑ ለውጪ። ሱፐር ግሉ ውኃ ውስጥ ሲቆይ ይደክማል። ከዚያ ቀጥ አድርገሽ በቀስታ እያዞርሽ ሳቢ፤ ወደ ጎን አታጣሚው። ፒንሳም አታምጪ። የአንገቱ ጫፍ ከተሰበረ ብዕሩ አለቀለት።

ሙጫ በእሳት ይለቃል የሚሉሽን አትስሚ። ምክንያቱ ይኸው። እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ለብዙ ዓመት የተሠሩ ብዕሮች ብዙዎቹ ሴሉሎይድ ናቸው። ሴሉሎይድ ደግሞ እንደ ድሮ የፊልም ጥቅል በአንድ አፍታ ነው የሚነደው። አንድ ደንበኛዬ የአያቱን ብዕር ክዳን ላይተር አስጠግቶበት ጣቶቹ ተቃጥለው ነበር የመጣው። ያንቺው 45 ሴሉሎይድ አይደለም፣ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ቢሆንም በሙቀት ይጣመማል፣ የተጣመመ አንገት ደግሞ አይመለስም። ደግሞም የአባትሽ መሳቢያ ውስጥ ሌላ አሮጌ ብዕር ሊኖር ይችላል። በዓይን አይለይም። በጣትሽ ፈግፍገሽው ካምፎር ካምፎር ከሸተተሽ ሴሉሎይድ ነው። ሸተተም አልሸተተም እሳት አታስጠጊ።

ቀጥሎ ኒቡ። አትቀይሪው ያልኩሽ ኒብ መታጠብ ግን አለበት። በ45 ላይ ኒቡና ፊዱ አንድ ላይ በጥርስ ነው የሚገቡት። ውኃው ውስጥ ስለቆየ የደረቀው ቀለም ለቋል። በላስቲክ ጓንት ቁራጭ ኒቡንና ፊዱን አንድ ላይ ጨብጠሽ ወደ ግራ አዙሪ። እንቢ ካለ መልሰሽ ንከሪው እንጂ አትታገዪው። ሲወጣ የፊዱን ቦይ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እጠቢ። መርፌ አታስገቢበት። ቦዩ ከተቧጠጠ ልኩን ያጣል።

ላርጎው ለምን እንዳባሰው ልንገርሽ። ፈሳሽ ላዩ ላይ እንደ ቆዳ የሚወጠር ነገር አለው፤ ሳሙና ያንን ያላላዋል። ቀለሙ በጠባቡ ቦይ ተይዞ የሚቆየው በዚያ ቆዳ ነው። ትንሽ ሳሙና ከቀረበት ቀለሙ እንደ ውኃ ይንሸራተታል። አረፋ መስጠቱን እስኪያቆም፣ ከዚያም በላይ አሥር ጊዜ በንጹሕ ውኃ አለቅልቂው።

አሁን የፓርከር ኦሪጅናል መምጠጫ ግዢ። ሲገባ ጠበቅ ብሎ መግባት አለበት። ቫዝሊን አትቀቢው፣ ላስቲኩን ይበላዋል፣ ፊዱንም ይደፍናል። ከዚያ ቀለም ሳይሆን ውኃ እስከ ግማሽ ሙዪ። እጀታውን ሳትገጥሚ ብዕሩን ኒቡን ወደ ታች አድርገሽ ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥለሽ አቁሚው፤ ከሥሩ ሶፍት አንጥፊ። ሩብ ሰዓት ጠብቂ። ኒቡ ሶፍቱን እንዳይነካ ተጠንቀቂ፣ ከነካ መምጠጡ አይቀርም። መጋጠሚያው ላይ ውኃ ብቅ ካለ መምጠጫው አሁንም አልገጠመም። መጋጠሚያው ደርቆ ከኒቡ ጠብ ካለ ወይ ሳሙናው አልወጣም፣ ወይ አንገቱ ላይ ስንጥቅ አለ። አንገቱን ብርሃን ላይ አዙረሽ እዪው። ምንም ካልወረደ ጨርሰሻል።

ቀለም ስትሞዪ የብዕር ቀለም ይሁን። የማኅተም ቀለም በውኃ አቅጥነው የሚሞሉ ሰዎች አሉ፤ እባክሽ አታድርጊው። የሥዕል ቀለምም አይሆንም፣ ውስጡ ያለው ሙጫ ፊዱን ይዘጋዋል። አዳማ ስትሄጂ ወይ ሙሉ አድርጊው፣ ወይ ባዶ። ኒቡ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጥ። ያን ጊዜ አየሩ ቢያብጥም የሚገፋው ቀለም አያገኝም፣ በቦዩ በኩል ይወጣል።

በሦስት ቀን ሙጫው ካልለቀቀ አታስገድጂው። እዚያ ላይ ነው ሰው ትዕግሥቱ የሚያልቀውና ላይተር የሚያነሳው። አታንሺ። እንዳለ ይዘሽልኝ ነይ። የአባትሽ የመጀመሪያው መምጠጫ ካልተጣለ እሱንም አምጪው። ላስቲኩ ቢደርቅ እንኳ አፉ ልክ ነው፣ ላስቲኩን እኔ እቀይርልሻለሁ።