ሳንባዬ ደህና ነው ተብያለሁ፤ ታዲያ ደረጃ ስወጣ ለምን አለከልካለሁ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ46 ዓመት ሴት ነኝ። ለጡት ካንሰር ኬሞ ጀምሬ ቀዩን መድኃኒት 4 ጊዜ ወስጃለሁ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ድሮ ዘንቢል ተሸክሜ እወጣው ነበር። አሁን ባዶ እጄን ሆኜ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ አርፋለሁ። ራጅ ተነስቼ «ሳንባሽ ንጹህ ነው» አሉኝ። ልጆቼ ጭንቀት ነው ይላሉ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርዎት። ጭንቀት ነው ብዬ አላልፈውም። ራጁም አልዋሸም። ሳንባ ግን ብቻውን አይተነፍስም። የአንጥረኛን ወናፍ ያስቡት፤ ወናፉ ባይቀደድም የሚነፋው ክንድ ከዛለ እሳቱ አይነድም። የእርስዎ ክንድ ከሳንባ ሥር የተዘረጋው ድያፍራም የሚባለው ጡንቻና በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉት ጡንቻዎች ናቸው። የእነሱን ጉልበት ራጅ አይለካም።

ቀዩ መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲን፣ ካንሰሩን ብቻ ለይቶ አይመታም። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ምርምሮች የድያፍራምን ጉልበት ሲቀንስ ታይቷል። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ዴክሳሜታዞንም ሲደጋገም ጡንቻ ያደክማል። በዚያ ላይ መኝታው አለ። «ታማለች፣ እንዳትነሳ» ተብሎ ሳምንት የተኛ ሰው ጡንቻው ያለ ኬሞም ይኮሰምናል። (ጠያቂ ዘመዶች ይህን ስል አይወዱልኝም።)

ጡንቻ ነው ብዬ ከመደምደሜ በፊት ግን ሁለት ነገር ይታይልኝ። አንዱ ደም ነው። ኬሞ መቅኒን ስለሚጫን ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል፣ ሄሞግሎቢን፣ ይወርዳል፤ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እየኖሩ ደም ካነሰዎት ደግሞ ደረጃው ተራራ ይሆናል። ሁለተኛው ልብ ነው። ይኸው መድኃኒት ልብን ሊያዳክም ይችላል፤ የወሰዱት መጠን በተጠራቀመ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። ስለዚህ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይነሱና ኬሞ ከመጀመርዎ በፊት የተነሱት ካለ ከእሱ ጋር ይነጻጸር።

እነዚህ ደህና ከሆኑና ሐኪምዎ ከፈቀዱ፣ ጡንቻውን እናሠራው። በቀን 10 ደቂቃ በሜዳማ ቦታ ከመራመድ ይጀምሩ። ቤት ውስጥ ትራስ ተደግፈው እጅዎን ሆድዎ ላይ ያድርጉ። ሆድዎ እጅዎን እስኪገፋው በአፍንጫ ቀስ ብለው ይሳቡ፤ ከዚያ ትኩስ ቡና እፍ እንደሚሉ ከንፈር ሰብስበው ያውጡት። ደረጃ ላይም እንዲሁ፤ እግር ሲያነሱ ያስወጡ፣ ትንፋሽ አምቀው አይውጡ። አየር ሲሳብ የሚከብድ ትንሽ የትንፋሽ መለማመጃ መሣሪያም አለ፤ ፊዚዮቴራፒስት ቢያገኙ ልክ እንዲያስተካክሉልዎ ይጠይቁ።

ትንፋሹ ድንገት ካጠረ፣ ደረት ከወጋዎት፣ አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ትራስ ሳይደራርቡ መተኛት ካቃተዎት፣ ወይም ትኩሳትዎ 38 ከደረሰ ግን ልምምዱ ይቅርና በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሌሊትም ቢሆን።

ኬሞውን በራስዎ እንዳያቋርጡ። ቀጣዩን ከመውሰድዎ በፊት ለካንሰር ሐኪምዎ «ይደክመኛል» ብቻ አይበሏቸው። የሚያርፉበትን ፎቅ ይንገሯቸው።