ሥራ ወቅት አለው፣ ሆድ ግን ወቅት የለውም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከባሕር ዳር

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለ ሥራ ናቸው። ከወረታም፣ ከመራዊም፣ ከዚሁ ከባሕር ዳርም ተጽፈዋል። አሳጥሬ አቀርባቸዋለሁ። ያስቀደምኩት ጊዜ የማይሰጠውን ነው።

አንዲት እናት ከአዲስ ዘመን አካባቢ በትንሹ ልጃቸው እጅ አስጽፈው ልከዋል። ታላቁ ልጅ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ትኩሳት አልለቀቀውም። ሁለት ጊዜ የወባ መድኃኒት ወስዷል። ሰውነቱ ከስቷል፣ ሆዱ ግን በግራ በኩል አብጧል። «ለመኸሩ እንኳ ማጭድ መያዝ አቃተው። ቀለል ያለ ሥራ ከተማ ይገኝለት ይሆን?» ይላሉ።

እናቴ፣ ሥራው ይቆይ። ነገ ጠዋት ሆስፒታል ይውሰዱት። ጠበሉንም ይጠጣ፣ ሆስፒታሉ ግን ይቅደም። ሲገቡ «ወባ አሞት ነው» ብለው አይጀምሩ። «መተማ ሰሊጥ ላይ ከርሟል፣ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት አልፎታል፣ ካላዛር ይመርመርልኝ» ይበሉ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ካላዛር ነው ማለቴም አይደለም። ግን መመርመር አለበት።

ካላዛርን የምታስተላልፈው ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት። ዋልካ አፈር ደርቆ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ውስጥ ትኖራለች። ቀን ሲያጭድ ውሎ ማታ ግራር ሥር የተጋደመውን ሳሉግ፣ ማለት ለወቅት ሥራ የወረደውን ሠራተኛ፣ ትነድፋለች። በሽታው ካልታከመ ይገድላል፤ በጊዜ ከታከመ አብዛኛው ሰው ይድናል። የእርስዎ አገር ሰው ይህን በመከራ ነው የተማረው። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ የተነሣው በሽታ መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር። ካላዛር መሆኑ እስኪታወቅ ብዙ ሰው አልቋል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ሕክምና ማዕከል አለው። ጤና ጣቢያው ሪፈር ከጻፈልዎ ወረቀቱን ይያዙ። ባይጽፍልዎም ይሂዱ። እባክዎ ከምርመራው በኋላ አንድ መስመር ይጻፉልኝ።

ለሚቀጥለው ክረምት ለመውረድ የምታስቡ ልጆችም፣ አጎበር ከማጭዱ ጋር ጠቅልላችሁ ያዙ።

«ቀጣሪዬ ኦሪጅናል ዲግሪህን ካላስያዝክ ሥራ አትጀምርም አለኝ።» አታስይዝ። ኮፒውን ስጠው፣ ኦሪጅናሉን አሳይተህ ይዘህ ተመለስ።

«ሆቴል ላስቀጥርሽ ያለኝ ደላላ 2,000 ብር ቅድሚያ ጠየቀኝ። ልክፈል?» እህቴ፣ አትክፈዪ። ፈቃድ ያለው የአገር ውስጥ ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ድርጅት ክፍያውን ከአሠሪው እንጂ ከሠራተኛው አይቀበልም። ስለ ፈቃዱ ጠይቂው። ካላሳየሽ ቀጥታ ሆቴሉ ሄደሽ አስተዳደሩን አናግሪ። ብዙ ጊዜ ደላላው የሚሸጠው በሩ ላይ ተለጥፎ ያለ ማስታወቂያ ነው።

«ሲቪ ላይ ፎቶ ይለጠፋል?» ካልጠየቁህ አያስፈልግም።

ቀጣዩ ከፎገራ የመጣ ነው። ጸሐፊዋ ስለ ወንድሟ ትናገራለች። 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ከአባቱ ጋር ሩዝ ይሠራል። ክረምት አረም፣ ኅዳር አጨዳ፣ ከዚያ ውቂያ፤ ሁሉም ተደምሮ ሦስት ወር ቢሞላ ነው። የቀረውን ጊዜ ወረታ መናኸሪያ ቆሞ ይውላል። ቀበሌ ሄዶ «ሥራ ፈላጊ ብላችሁ መዝግቡኝ» ሲል «አባትህ መሬት አለው፣ አንተ ሥራ አጥ አይደለህም» ብለው መለሱት። «ታዲያ ወንድሜ ምንድን ነው?» ብላ ትጠይቃለች።

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሆዴ ባባ። ይህ ልጅ የአንቺ ወንድም ብቻ አይደለም። በጣና ዙሪያ ባለ ቀበሌ ሁሉ አለ።

መጀመሪያ አቆጣጠሩን እንይ። በሠራተኛ ኃይል ጥናት ላይ አንድ ሰው ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ አንድ ሰዓት እንኳ ለክፍያ ወይም ለቤተሰብ ገቢ ከሠራ፣ ሥራ እንዳለው ይቆጠራል። አሠራሩ ዓለም አቀፍ ነው። ወንድምሽ ማክሰኞ ዕለት የአባቱን ሽንኩርት ውኃ ካጠጣ፣ በዚያ ሳምንት ሥራ አለው ማለት ነው። የገጠሩ ሥራ አጥነት ከከተማው ያነሰ ሆኖ የሚታየው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ገበሬ ቤት ጨርሶ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ሰው የለም። ውኃ የሚቀዳ፣ ከብት የሚመልስ፣ አጥር የሚያጥር ሁሉ እየሠራ ነው። ኑሮ የሚያቆም ሥራ ግን ሌላ ነው።

መሬቱስ? በአማራ ክልል የመጨረሻው ትልቅ የመሬት ሽግሽግ የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ የደረሰው ሰው ዛሬ አባት ሆኗል፣ አያት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ ወይ ይወርሳል፣ ወይ በእኩል ያርሳል፣ ወይ ይከራያል። መሬት አይሸጥም አይለወጥም ተብሎ በሕገ መንግሥቱ ስለተጻፈ ገንዘብ ቢኖረውም አይገዛም። አራት ልጅ ያለው አባት አንድ ሄክታሩን ቢያካፍል ለያንዳንዱ አንድ ቃዳ ይደርሰዋል። አንድ ቃዳ ሩዝ የስንት ቀን ሥራ ነው? «አባትህ መሬት አለው» ማለት አባትየው አለው ማለት ነው። ልጁ የለውም።

ኅዳር ላይ ከማለዳው 12 ሰዓት ወረታ መንገድ ዳር ቆመሽ ታውቂ ይሆናል። ማጭዳቸውን በጨርቅ የጠቀለሉ ልጆች ተደርድረው ይጠብቃሉ። ገበሬው ይመጣል፣ አምስቱን ይቆጥራል፣ ዋጋ ይነጋገራሉ፣ ይሄዳሉ። ሩዙ ደርሷል፣ ሰው ያጥራል፣ የቀን ሒሳቡ ከፍ ይላል። እዚያው መንገድ ላይ የካቲት ብትመጪ ልጆቹ አሉ፣ ገበሬው ግን የለም።

ስለዚህ ወንድምሽ ሁለት ነገር ያድርግ። አንደኛ፣ ደብተር ይግዛና የሠራበትን ቀን በሙሉ ይጻፍ፤ በአባቱ መሬትም፣ በሰው መሬትም። ስንት ቀን እንደሠራና ስንት እንዳገኘ ይመዝግብ። ቀበሌው እንደገና ከመለሰው ደብተሩን ይዞ ወረዳው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ይሂድ። አንድ ጊዜ ብቻ ሄዶ እንዳይቀር።

ሁለተኛ፣ ከአጨዳው በኋላ ያለውን ሥራ ያጥና። ሩዝ በደርግ ዘመን ፎገራ ሲገባ ውኃ የሚተኛበትን ሜዳ እህል ማብቀያ አደረገው። ዛሬ ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያው ብዙ ነው፣ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉም እዚያው ነው። መውቃት፣ መፈልፈል፣ ማበጠር፣ ከረጢት መሙላት፣ ተረፈ ምርቱን ለከብት መኖ መሸጥ አለ። ይህ ሥራ ከታኅሣሥ በኋላም ይቀጥላል። አምስት ስድስት ሆነው የመውቂያ ማሽን እየዞሩ ቢያከራዩ፣ ኅዳር ላይ በቀን ሒሳብ ከሚያገኙት የተሻለ ይቆያቸዋል። ለማሽኑ መግዣ ብድር ካስፈለጋቸው ባንክ ይጠይቁ፣ ዝርዝሩን እዚያ ያውቁታል።

ቆጋ መስኖ ላይ የሠራ አንድ ወንድም ከመራዊ ይጽፋል። በሽንኩርት ማሳ ላይ ሁለት ወር ሠራ። ባለቤቱ «ሽንኩርቱ ሲሸጥ እከፍልሃለሁ» አለው። ሽንኩርቱ ተሸጠ። አሁን «ዋጋ ወደቀብኝ፣ ታገሥ» እያለ ሦስት ወር አለፈ። የጽሑፍ ውል የለም።

ወንድሜ፣ ትዕግሥትህ እየጎዳህ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ያልተከፈለ ደመወዝ የሚጠየቀው በስድስት ወር ውስጥ ነው። ሦስቱን ጨርሰሃል። ወረቀት አለመኖሩ መብትህን አያጠፋም፤ በቃል የተደረገም ውል ነው። አብረውህ የሠሩትን ሁለት ሦስት ልጆች ምስክር አድርግ። የላከልህ የስልክ መልእክት ካለ አታጥፋው። የሽንኩርት ዋጋ መውደቅ የባለቤቱ ኪሳራ ነው። ዋጋው ቢወጣ ኖሮ ትርፉን አያካፍልህም ነበር። መጀመሪያ ወረዳው ሥራና ክህሎት ሂድ፣ ካልሆነ ፍርድ ቤት። ለሠራተኛ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። የሕግ ባለሙያም አናግር፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። በዚህ ሳምንት ጀምር።

የመጨረሻው ከጣና ዳር ነው። ሦስት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው ጀልባና የፕላስቲክ መረብ ሊገዙ ነው። «አዋጭ ነው?» ይላሉ።

ቆሮሶ የሚባለው አሳ ገበያ አለው፣ በጾም ወራት ደግሞ ይወደዳል። የፕላስቲኩን መረብ ግን ተዉት። ርካሽ ነው፣ ትንሹንም ትልቁንም ያፍሳል፣ ሲበጠስ ውኃ ውስጥ ይቀርና አሳ ሲገድል ይኖራል። በተለይ ነጭ አሳ የምንለው ክረምት ሲገባ ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ይወጣል። የወንዙን አፍ በመረብ የዘጋ ሰው የሚያወጣው እንቁላል የተሸከመችውን እናት ነው። የእንስሳትና አሳ ሀብት ጽሕፈት ቤት ስለ ፈቃዱና ስለ መረቡ ዓይን ስፋት ይነግራችኋል። መረቡን ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሃያ ዓመት ጣና ላይ የቆየ አንድ አሳ አስጋሪ ፈልጉና፣ በልጅነቱ ጉማራ አፍ ላይ ምን ያህል ያወጣ እንደነበር ጠይቁት።