የከባድ ቅጣት ዳግም ምርመራ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ቅጣቱ ዳግም እንዲታይለት የሚፈቅድ ሕግ ከይግባኝና ከይቅርታ በምን ይለያል?

መልስ፦ ይግባኝ የሚመረምረው ፍርዱ ሲሰጥ የተፈጸመ ስሕተት መኖር አለመኖሩን ነው። ይቅርታ የሥራ አስፈጻሚው ሥልጣን ነው። ዳግም ምርመራ ግን ፍርዱን ሳይነቅፍ፣ ከረጅም ዓመታት በኋላ እስራቱ መቀጠል ይገባው እንደሆነ ይጠይቃል። ከወዲሁ ላስጠንቅቅ፤ ጉዳዩ ይታያል ማለት ፍርደኛው ይፈታል ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ከስንት ዓመት በኋላ ይታያል?

መልስ፦ እንደየሕጉ ነው። የዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመው የሮም ስምምነት፣ በአንቀጽ 110፣ የቅጣቱ ሁለት ሦስተኛ ሲፈጸም፣ ዕድሜ ልክ ከሆነ ደግሞ ከ25 ዓመት በኋላ እንዲታይ ያዛል። ይሁን እንጂ ከዓመቱ ቁጥር ይልቅ ቀኑ አስቀድሞ መታወቁ ይበልጥብኛል። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2013 እ.ኤ.አ. ዩናይትድ ኪንግደምን በሚመለከት ጉዳይ፣ የመፈታት ተስፋም የመታየት ዕድልም የሌለው የዕድሜ ልክ እስራት ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለውን የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ስምምነት አንቀጽ 3 እንደሚጥስ ወስኖ፣ ፍርደኛው ቅጣቱ መቼ እንደሚታይና ምን እንደሚጠበቅበት ከመነሻው የማወቅ መብት እንዳለው አረጋግጧል። ቀኑን የማያውቅ እስረኛ ሙያ ለመማርም ሆነ ከጥፋት ለመራቅ ምን ያተጋዋል? ዳኛው ፊት የሚቀርበው እኮ የሥልጠና ምስክር ወረቀቱና የማረሚያ ቤቱ የዲሲፕሊን መዝገብ ነው።

አንድ የውይይት ቡድኑ አባል፦ የሟች ቤተሰብ ቁስሉ እንደገና ሊነካበት ነው፤ ይህ ፍትሕ አይደለም።

ሌላ አባል፦ በ19 ዓመቱ ያጠፋ ልጅ በ45 ዓመቱም ያው ሰው ነው ማለትስ ፍትሕ ነው?

የመጀመሪያው አባል፦ ሟቹ 45 ዓመት የመድረስ ዕድል አላገኘም።

መልስ፦ ሁለታችሁም የያዛችሁት እውነት አለ፤ ክርክሩን ግን እዚህ አንጨርሰውም። ሕጉ ቢያንስ ለቤተሰቡ ቀኑን አስቀድሞ ማሳወቅና የመናገር ዕድል መስጠት አለበት።

ጥያቄ፦ የታሰረ ዘመድ አለኝ። ይፈታል ወይ?

መልስ፦ የተፈረደበት ወንጀል፣ የቅጣቱ መጠንና የታሰረበት ጊዜ ሳይገለጽ መልስ መስጠት አልችልም።

ጥያቄ፦ ታዲያ 25 ዓመት የሞላው ሁሉ ይወጣል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ከላይ ጽፌዋለሁ፤ እባካችሁ ሳታነቡ አትጠይቁ። መታየት መፈታት አይደለም።

ጥያቄ፦ ማመልከቻው ውድቅ ከሆነስ?

መልስ፦ በሮም ስምምነት ሥርዓት ጉዳዩ በመርሕ ደረጃ በየ3 ዓመቱ እንደገና ይታያል። ስለዚህ ፍርደኛው የውድቅ ውሳኔውን ምክንያት በጽሑፍ ይዞ፣ ጎደለ የተባለውን ከዚያው ቀን ጀምሮ ማሟላት ይኖርበታል።