ጭራውን አክኮ የጨረሰ ፈረስ

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከአዊ ነው። የ6 ዓመት ድንጉላ ፈረስ አለኝ። ከመስከረም ወዲህ ቂጡን ከአጥር ጋር እያሸ የጭራውን ሥር መለጠው። ፀጉሩ ተቆራርጦ ቆሟል፤ አንድ ቦታ ላይ ደምቷል። አንዱ ጎረቤቴ ‹የተባይ መድኃኒቱን ማላታይን ቀባው› ይለኛል። ሌላው ‹ጭራውን ቁረጠው፣ አዲስ ያበቅላል› ይላል። ጥር 23 ደግሞ እየደረሰ ነው። ምን ባደርግ ይሻላል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱንም ምክር ይተዉት። ማላታይኑንም አይቀቡ፣ ጭራውንም አይቁረጡ። ጎረቤቶችዎ በቅንነት ነው የመከሩዎት። ግን አንዱ ፈረስዎን ይመርዘዋል፣ ሌላው ደግሞ ዝንብ መከላከያውን ያሳጣዋል።

ጥር 23 ለእናንተ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ጥር 23 የዓድዋ ዘማቾችንና ፈረሶቻቸውን ሲያስብ ኖሯል። በዚያ ቀን ጭራው የተመለጠ ፈረስ ይዞ እንጅባራ ሜዳ ላይ መውጣት ለባለቤቱ ከባድ ነው። ቢሆንም እውነቱን ልንገርዎት፤ ፀጉሩ ለዘንድሮ በዓል አይደርስም። የጭራ ፀጉር በወር የሚያድገው 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ወደ መሬት የሚወርድ ረጅም ጭራ የዓመታት ሥራ ነው። ለበዓሉ ሊደርስልዎት የሚችለው ቆዳው ነው። ቁስሉ ደርቆ፣ ማሳከኩ ቆሞ፣ ፈረሱ ተረጋግቶ ሊወጣ ይችላል። እሱም ቀላል ነገር አይደለም።

ፈረስ ጭራውን ያለ ምክንያት አያክክም። ስለዚህ መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት ይመልከቱት። ጠዋት ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ሌላ ሰው ፈረሱን ይያዝልዎት። እርስዎ ከኋላው አይቁሙ። በጎኑ ሆነው ታፋውን ተጠግተው ይቁሙ። እጅዎን ከወገቡ ጀምረው እየዳበሱ ወደ ኋላ ይሂዱ፣ ከዚያ ጭራውን በቀስታ ወደ ጎን ያንሱት። ቂጡን ወደ ውስጥ ቢሰበስብ አይታገሉት፤ ጥቂት ይጠብቁት፣ ይለቃል።

መጀመሪያ ፊንጢጣው ዙሪያንና የጭራውን የታችኛውን ገጽ ይዩ። ፀጉር የሌለበት ቆዳ ላይ የደረቀ ሙጫ የመሰለ፣ ግራጫ ወይም ቢጫማ ቅርፊት ካለ የትል እንቁላል ሊሆን ይችላል። ይህ ትል ኦክሲዩሪስ ይባላል፤ ብዙዎች ከሚያውቁት ወስፋት የተለየ ነው። ሴቷ ከትልቁ አንጀት ወደ ውጭ ብቅ ትልና እንቁላሏን በሚያጣብቅ ፈሳሽ ፊንጢጣው ዙሪያ ትለጥፋለች። ፈሳሹ ሲደርቅ ክፉኛ ያሳክካል። ፈረሱ ሲታከክ እንቁላሉ አጥሩ ላይ፣ ግርግሙ ላይ፣ ሣሩ ላይ ይረግፋል። ከዚያ መልሶ ይበላዋል። እንቁላሉ ሆድ ውስጥ ገብቶ እንቁላል ጣይ ትል እስኪሆን 5 ወር ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ አንድ ጊዜ መድኃኒት ሰጥቶ «ጨረስኩ» ማለት አይቻልም።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ይህ ትል በፋንድያ ምርመራ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ እንቁላሉ ያለው ቆዳው ላይ ነዋ። ጠዋት ሳይታጠብ ግልጽ ስኮች ቆርጠው ፊንጢጣው ዙሪያ ለጠፍ አድርገው ያንሱትና ንጹሕ መስታወት ወይም ፌስታል ላይ ለጥፈው ወደ እንስሳት ጤና ኬላው ይውሰዱ። ማይክሮስኮፕ ካለ ባለሙያው ወዲያው ያየዋል።

ትሉ ከተገኘ ባለሙያው በፈረሱ ክብደት ልክ ኢቨርሜክቲን ወይም ፌንቤንዳዞል ሊያዝልዎት ይችላል። ለፈረስ በአፍ የሚሰጠው ይመረጣል። ለከብት የተዘጋጀውን መርፌ ገዝተው ራስዎ አይውጉት፤ ፈረስ ላይ መርፌው የገባበት ቦታ ክፉኛ ሊያብጥ ይችላል። ይህ ትል አንዳንድ ጊዜ ኢቨርሜክቲንን ይቋቋማል። ማሳከኩ ካልቆመ ተመልሰው ይሂዱና መድኃኒቱ እንዲቀየር ይጠይቁ። ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን አካባቢውን በየቀኑ ለብ ባለ ውኃ በራሰ ጨርቅ ይጥረጉለት፣ ጨርቁን ያቃጥሉት። የሚታከክበትን ግንድና ግርግሙን በፈላ ውኃ ይጠቡ። ይህን የማያደርግ ሰው መድኃኒት እየገዛ ይኖራል።

ትል ካልሆነስ? የጭራውን ፀጉር ከሥሩ ግልጥ ያድርጉትና ፀሐይ ላይ ይዩት። ጋማውንም እንደዚሁ። ቅማል ከሆነ ፀጉሩ ላይ የተጣበቀ ቅጫም ያያሉ። ቅማል በብርድ ወራት፣ ፀጉሩ በረዘመና በከሳ ፈረስ ላይ ይበዛል። መድኃኒቱ ቅማሉን እንጂ ቅጫሙን ስለማይገድል ከ2 ሳምንት በኋላ ይደገማል። ኮርቻውና ግላሱም መጽዳት አለበት። ቆዳው ወፍሮ፣ ተጨማዶና ቅርፊት አውጥቶ ከሆነ እከክ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያው ይፍቀውና ይመርምረው።

መዥገርም አለ። እግሩ ቀላ ያለው መዥገር ከፈረስ ጭራ ሥር መሸሸግ ይወዳል። ጋዝ አያፍስሱበት፣ በእሳትም አይተኩሱት። ወደ ቆዳው ጠጋ ብለው ይያዙትና ሳይጠመዝዙ ቀጥ አድርገው ይሳቡት።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምነግርዎት ነገር አለ። ማላታይን ለሰብል ተባይና ለእህል ነቀዝ ነው የሚገዛው። በቆሰለ ቆዳ ላይ ሲቀባ ወደ ደም ይገባል። ፈረሱ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሊሞትም ይችላል። የተቃጠለ የመኪና ዘይትም ቆዳውን ይበላዋል። ለከብት መዥገር የሚረጨው አሚትራዝ ደግሞ ከብት ላይ ደህና ሆኖ ፈረስ ላይ አደገኛ ነው። የፈረስን አንጀት ሥራ ያስቆምና ለከባድ የሆድ ቁርጠት ይዳርገዋል። ለበሬዎ ገዝተው የተረፈዎትን ለፈረሱ አይጠቀሙ።

ፈረስዎ ድንጉላ ስለሆነ ብዙ ሰው የማያስበውን አንድ ቦታ ልጠቁምዎት። የብልቱ ሽፋን ውስጥ እድፍ ሲጠራቀም ያሳክከዋል። እዚያ ራሱን ማከክ ስለማይችል ጭራውን ያክካል። ባዝራም ጡቷ መካከል እድፍ ሲከማች እንደዚሁ ታደርጋለች። ለብ ባለ ውኃ በቀስታ ማጠብ ብቻ ችግሩን የሚፈታበት ጊዜ አለ። ድንጉላው ቁጡ ከሆነ ግን ይህን ለባለሙያ ይተዉት።

ከመስከረም ወዲህ ጀመረ ማለትዎ ትንኝን እንድጠረጥርም ያደርገኛል። ክረምቱ ሲወጣ ረግረጉና ኩሬው በደቃቅ ትንኝ ይሞላል። አንዳንድ ፈረስ የትንኟ ምራቅ አይስማማውም። ጋማውንና ጭራውን ይለበልበዋል። ይህ ከሆነ መድኃኒቱ ፈረሱን ከትንኟ ማራቅ ነው። ትንኟ ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ነው የምትበረታው። በእነዚያ ሰዓታት ከረግረግ አጠገብ አይሰሩት፣ ወደ በረት ያስገቡት። ጢስ ማጨስ ይረዳል፤ በረቱ ግን አየር ያግኝ፣ የፈረስ ሳንባ ጢስ አይችልም። ያችው ትንኝ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለውንም ታስተላልፋለች። ከዓይኑ በላይ ያለው ጉድጓድ ካበጠ፣ ካተኮሰውና ትንፋሽ ካጠረው ጊዜ አይስጡት፣ ሐኪም ጋ ይሩጡ። ክትባቱ በአገራችን፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። ወረዳዎ መቼ እንደሚያስከትብ ከአሁኑ ይጠይቁ።

ወደ ኮርቻው እንምጣ። ከኮርቻው ወደ ኋላ ሄዶ በጭራው ሥር የሚዞረው ማሰሪያ ስንቱን ፈረስ እንዳቆሰለ ጋሪ ነጂዎችን መጠየቅ ይበቃል። ናይለን ገመድ ከሆነ ዛሬውኑ ይጣሉት። ናይለን ቀጭንና ሻካራ ነው፤ ላብ ሲነካው ቆዳውን ይቆርጣል። ለስላሳ ቆዳ ወይም በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ የተጠቀለለ ወፍራም ማሰሪያ ይሥሩለት። ሲያስሩት ሁለት ጣትዎ በምቾት ይግባበት። ከሥሩ የታጠፈ ፀጉር እንዳይቀር እጅዎን አስገብተው ያስተካክሉ። ከጉዞ ሲመለሱ ላቡን ያጥቡለት። አሁን ግን ቁስሉ እስኪደርቅ ያንን ማሰሪያ ጨርሶ አይጠቀሙ። በሜዳ ላይ ለሚሮጥ ፈረስ፣ ቁልቁለት ከሌለ፣ ያለ እሱም ይጋለባል።

ለቁስሉ ንጹሕ ለብ ያለ ውኃና ትንሽ ጨው ይበቃል። ኦሞ አይጠቀሙ፤ ቆዳውን ያደርቅና ማሳከኩን ያባብሰዋል። መግል ከያዘ ወይም ከሸተተ ባለሙያ ይየው።

ጭራውን ለማጠብ ለስላሳ የገላ ሳሙና ደህና ነው፤ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ ግን በደንብ ያለቅልቁት። የቀረ ሳሙና ራሱ ያሳክካል። ሲያበጥሩ ጥርሱ ሰፋ ባለ ሚዶ ከታች ከጫፉ ይጀምሩ። ጨጎጎት ከተጠላለፈበት ሚዶውን ያስቀምጡና በጣትዎ አንድ በአንድ ይፍቱት። ጥቂት የኑግ ዘይት እጅዎ ላይ አድርገው ቢያሹት ይንሸራተታል። ቅቤ ግን አይቀቡት፤ ይሸታል፣ ዝንብ ይጠራል። ለማሲንቆ ወይም ለዝንብ መከላከያ ጭራ ፀጉር የሚፈልግ ሰው ከመጣብዎ ሚዶው ላይ የቀረውን ይስጡት። ከሥሩ አያስነጩት።

ለበዓሉ ጭራውን መጎንጎንና ማስጌጥ ከፈለጉ አጥንቱ ካለቀበት በታች ያለውን ፀጉር ብቻ ይጎንጉኑ። ጭራ ውስጥ አጥንትና ደም ሥር አለ። አጥንቱ ላይ ክር ጠበቅ አድርገው ካሰሩና ካሳደሩበት ደም ይቋረጣል፣ ጭራው ሊሞት ይችላል። ጥጥ ክር ዝናብ ወይም ላብ ሲነካው ይበልጥ ይጠብቃል። ጌጡን በዚያው ዕለት ማታ ይፍቱለት።

በመኖ በኩል ብዙ አልልም። ገለባ ብቻ የሚበላ ፈረስ ፀጉሩ አያምርም። ጥቂት ገብስ፣ ጥሩ ድርቆሽና ጨው ይጨምሩለት። ቆላ ቀመስ ቦታ ላላችሁ አንባቢዎች ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ለከብት መኖ የምንተክለው ሉኪኒያ የፈረስን የጋማና የጭራ ፀጉር ያረግፋል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ሚሞሲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው ይህን የሚያደርገው። ፈረሱ ሳይታከክ ጭራው ከሳሳ መጀመሪያ ምን እንደሚበላ ይዩ።

ነጭ ወይም ግራጫ ፈረስ ያላችሁ ደግሞ ፈረሱ ሲያረጅ ከጭራው ሥር ጥቁርና ጠጣር እባጭ ሊወጣ ይችላል። በቢላ አትንኩት፣ አታስበጡት፤ ሐኪም ይየው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ጭራው ተልፈስፍሶ ከተንጠለጠለ፣ ዝንብ ሲያርፍበትም ካላወዛወዘው፣ ወይም ሽንቱ ሳያቋርጥ ከተንጠባጠበ ችግሩ ከነርቭ ወይም ከአከርካሪ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሳሙናም ቅባትም አይፈልጉ። አይጋልቡት፣ በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።