ሹሩባዋን የፈታሁባት ጊዜ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለኮሚክ መጽሐፍሽ በኪክስታርተር፣ ሰው ላልተጠናቀቀ ሥራ አስቀድሞ በሚከፍልበት ድረ ገጽ፣ ገንዘብ ተሰብስቦልሻል። ህትመቱ ግን አራት ወር ዘገየ። በዚያ ላይ የጀግናዋን ቀሚስ ቀየርሽ ተብሎ ጭቅጭቅ ተነስቷል፤ «ሌባ» ያለሽም አለ። አንቺም «ኮሜንቱን ልዝጋው ወይ?» ትያለሽ።

አትዝጊው። እኔ ዘግቼ አይቼዋለሁ።

የኔ መጽሐፍ 96 ገጽ ነበር። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ፣ ማታ ፓርኪንግ እየሠራሁ ቀን ቀን የሳልኩት ነው። እኔም በኪክስታርተር ዘመቻ ከፍቼ 312 ሰው ከፈለ። ለዘመቻው በሠራሁት ሽፋን ላይ ጀግናዋ ሹሩባ ተሠርታለች። ጥቅጥቅ ያለ፣ ጉንጉኑ አንድ በአንድ የሚቆጠር ሹሩባ። ሰውም የወደደው እሱን ነው። ሽፋን ላይ አንዴ መሳል ቀላል ነው። ውስጥ ገብተሽ በየፓነሉ፣ በየሥዕሉ ሳጥን፣ ስትደግሚው ግን ጭንቅላቷ ብቻ ሃያ ደቂቃ ይበላል። ገጽ 30 ላይ ስደርስ እጄ ዛለ። አንድ ትዕይንት ጨመርኩ፦ ወንዝ ትወርዳለች፣ ፀጉሯን ትፈታለች። ከዚያ እስከ መጨረሻው ፀጉሯ ብትን ነው። ለማንም አልነገርኩም። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ናሙና ገጾቹን እንደለጠፍኩ አንዲት ልጅ «ሹሩባዋን ፈታህባት! እኔ የከፈልኩት ለሹሩባው ነው» ብላ ጻፈች። ሳቅሁ። እስከ ማታ ስልሳ ኮሜንት ሞላ። አንዱ በባህሉ ያፍራል አለኝ። ሌላው ለፈረንጅ ብሎ ነው አለ። ከዚያ ሹሩባው የማን ነው ወደሚለው ተሻገሩ፣ ጎንደርና ትግራይ ተጠሩ፣ መጽሐፉ ተረሳ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከሥራ ገብቼ «ካልወደድሽው አትግዢው» ብዬ መለስኩላት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ልጅቷ እኮ ገዝታዋለች! ጠፋኝ። ሳስበው ደነገጥኩና የኔንም የሷንም አጠፋሁ፣ ኮሜንቱንም ዘጋሁ። ጠዋት ስነቃ ስክሪንሾቱ ቴሌግራም ላይ ይዞራል። ማታ ወሬው ስለ ፀጉር ነበር። ጠዋት «ብሩን በልቶ አፍ ያስዘጋል» ሆነ።

ከዚህ የባሰው ግን የራሴ ጓደኞች ናቸው። የልጅቷን ገጽ ፈልገው አገኙ፣ ስድብ አወረዱባት፣ ፎቶዋን እየለጠፉ ተሳለቁባት። እኔ ሦስት ቀን ዝም አልኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኝ ነው ዝም ያልኩት። በመጨረሻ በውስጥ መስመር «ብሬን አልፈልግም፣ ጓደኞችህን ብቻ ያዝልኝ» ብላ ጻፈችልኝ። ይኼ ዛሬም ይቆጠቁጠኛል። ያን ቀን አንድ በአንድ ደወልኩላቸው። በአደባባይም «የጠየቀችው ትክክል ነው፣ ስህተቱ የኔ ነው፣ እሷን ተዉአት» ብዬ ጻፍኩ። አንቺን የሚከላከሉልሽ ሰዎች ምን እያሉ እንደሆነ ዛሬውኑ እዪ። ተሳዳቢው ሰው ያንቺ ወገን ከሆነ ዕዳው ባንቺ ስም ነው የሚጻፈው።

ቆይቶ የገባኝ ነገር፣ ብር የሰጠን ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አዋጣሁ ይላል፣ እንደ ሰፈር መዋጮ። ሌላው ገዛሁ ይላል፣ እንደ ሱቅ። ያዋጣው ሰው ሲናደድ የተናቀ ይመስለዋል፤ ዕቃው ቢደርሰውም ቁጣው አይበርድም። የገዛው ግን ዕቃውን ወይ ብሩን ነው የሚፈልገው። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት መልስ ለማብረድ አትሞክሪ። ያልከፈለው ጯሂ ደግሞ ሦስተኛ ነው፤ እሱ መጨረሻ ይድረሰው።

እኔ የተረፍኩት ለከፋዮቹ ብቻ በላክሁት አንድ ጽሑፍ ነው። ሹሩባውን ለምን እንደተውኩ፣ ሃያ ደቂቃውን ሳይቀር ነገርኳቸው። ገንዘቡ የት እንደሄደም ዘረዘርኩ፦ ለኪክስታርተር 5 በመቶ፣ ለክፍያ ማስተላለፊያው 3 በመቶና ከእያንዳንዱ ክፍያ 20 ሳንቲም፣ ለወረቀትና ለህትመት ይኼን ያህል፣ ለፖስታ ይኼን ያህል። ብሩን የሚፈልግ እመልሳለሁ አልኩ። ስንት ሰው ጠየቀ መሰለሽ? 14። ከኪሴ ነው የከፈልኩት፣ ግን አለቀ። ኪክስታርተር ራሱ ብር አይመልስም። ደንቡ ሥራውን መጨረስ ካልቻልሽ ገንዘቡ በምን እንደዋለ እንድታስረጂና የተረፈውን ለመመለስ እንድታቀርቢ ነው የሚጠይቅሽ።

መዘግየቱን በተመለከተ፣ እንደኔ እንደኔ ሰው የሚናደደው በወሩ ብዛት አይደለም። የኔ ሙከራ ህትመት ከማተሚያ ቤቱ ሲመጣ የግዕዙ ፊደል በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ። ፎንቱን፣ ማለትም የፊደሉን ቅርጽ የያዘውን፣ ለማተሚያ ቤቱ በላክሁት ፋይል ውስጥ አላካተትኩትም ነበር። ጀግናዋ አፏን ከፍታ ትጮኻለች፣ ከአፏ የሚወጣው አራት ሳጥን ነው። አምስት ሳምንት አጠፋብኝ። ፎቶውን እንዳለ ለጠፍኩት፤ ሰው በሳቅ ሞተ፣ አንድም «ሌባ» ያለኝ አልነበረም።

ሪች ቡርሉ የሚባለው አሜሪካዊ የኮሚክ ሰዓሊ እ.ኤ.አ. በ2012 የድሮ መጽሐፎቹን እንደገና ለማሳተም በኪክስታርተር 57,750 ዶላር ጠይቆ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ አገኘ። በዚያው ዓመት የሚስልበት እጁ ክፉኛ ተቆረጠና ሥራው ቆመ። የሆነውን ተናገረ፣ አንባቢው ጠበቀው። በዚያው ዓመት ከ51 ሺህ ዶላር በላይ የሰበሰበ ሌላ ሰዓሊ ደግሞ ቀሪዎቹን መጽሐፎች መላክ ከበደው። እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ መጽሐፉ ለደረሰው ለእያንዳንዱ መልእክት አንድ፣ በድምሩ 127 ኮፒ ማቃጠሉን አስታወቀ፤ ቪዲዮውንም ለጠፈው። ብስጭቱ ይገባኛል። ግን እኔ ኮሜንት ስዘጋ ያደረግሁት ያው ነገር ነበር፣ ክብሪት ብቻ ነው ያልነበረኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኢትዮጵያ ሆኖ በኪክስታርተር ዘመቻ መክፈት ስለማይቻል አካውንቱ ቨርጂኒያ ባለችው የአክስትሽ ልጅ ስም ነው ብለሻል። «ሌባ» ሲሉ እሷንም ነው የሚያነሱት። የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢም ገንዘቡን የሷ ገቢ አድርጎ ሊያየው ይችላል። ደረሰኞቹን ዛሬ ላኪላት፣ ጭቅጭቁንም ከሰው ሳትሰማ አንቺው ንገሪያት።

ቀሚሱን ለምን እንደቀየርሽው ግን ለኛም አልነገርሽንም። ሰልችቶሽ ከሆነ ሰለቸኝ በይ። መጀመሪያ ለከፋዮቹ ጻፊው፣ በቀን፣ ከበላሽ በኋላ። ከመላክሽ በፊት ረቂቁን ብታሳዪኝ አየዋለሁ። ዛሬ ማታ ሥራ የለኝም።