ሙቀቱ እኩል ሆኖ ውሃው ወደ አንድ ወገን ከፈሰሰ ስሌቱን ጠርጥር

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው፦ የሞለኪውሎችን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር በሚያሰላ ሲሙሌሽንህ፣ ሁለት የውሃ ገንዳዎችን በምታገናኝ፣ 144 ካርበን ባላት፣ 1.34 ናኖሜትር በምትረዝም (6፣6) የካርበን ናኖቱዩብ (ከካርበን የተሠራች ቀጭን ቱቦ፤ ቁጥሮቹ የስፋቷና የአጠቀላለሏ መለያ ናቸው)፣ ሁለቱም ገንዳ 300 ኬልቪን ሆኖ ሳለ በ10 ናኖሰከንድ ወደ ቀኝ የተሻገረው ወደ ግራ ከተሻገረው በ15 ሞለኪውል በለጠ። ሙቀት ውሃውን ይነዳ እንደሆን ለማየት የግራውን ውሃ ወደ 340 ስታነሳ ደግሞ በፍሰቱ ላይ ለውጥ የለም። «የቱን ልመን?» ነው ያልከው።

የመጀመሪያውን አትመን። ሙቀቱም ግፊቱም እኩል ከሆነ የተጣራ ፍሰት የለም፤ ቱቦዋ ላይ ቋሚ ቻርጅ ብትለጥፍም የለም። ያለ ነዳጅ የሚዞር ሞተር ይሆንብሃል። እ.ኤ.አ. በ2007 ቋሚ ቻርጅ ውሃን ይገፋል የሚል ሲሙሌሽን ታትሞ ነበር፤ በ2010 ሌሎች ፍሰቱን የፈጠረው የስሌቱ አቀማመጥ መሆኑን አሳዩ።

ለነገሩ ያንተው 15 ከቁጥር አይገባም። በ2001 በዚህችው ቱቦ ላይ በታተመው የታወቀ ሥራ በ66 ናኖሰከንድ 1,119 ሞለኪውሎች ተሻግረዋል፤ በናኖሰከንድ 17 ገደማ። በ10 ናኖሰከንድ 170 መሆኑ ነው፤ በአጋጣሚ ብቻ የሚመጣው ልዩነት የዚህ ካሬ ሥር ያህል ነው፤ የ170 ካሬ ሥር ደግሞ 13 ነው። ይህም እያንዳንዱ መሻገር ለብቻው ነው ብለን ነው፤ ውስጥ ያሉት አምስት ያህል ሞለኪውሎች ግን በአንድ ሰልፍ ተያይዘው ስለሚገፉ ስህተቱ ከዚያም ይሰፋል። ቢያንስ 100 ናኖሰከንድ፣ በተለያየ መነሻ ፍጥነት አምስት ስድስት ጊዜ አስኪደው። ያኔም ካዘነበለ የጎረቤት ዝርዝሩ (የትኛው አቶም ከየትኛው አጠገብ እንዳለ የሚይዘው መዝገብ) ቶሎ ቶሎ መታደሱን እይ። ከ2020 በፊት በወጣ የግሮማክስ (የሲሙሌሽን ፕሮግራሙ) እትም የምትሠራ ከሆነ የአቶሞችን መሳሳብና መገፋፋት በተናጠል ሳይሆን በቻርጅ ቡድን (አብረው በሚቆጠሩ አቶሞች) ከተወሰነ ርቀት በኋላ የሚቆርጠውን ስልት ተው። የቤሬንድሰንን ቴርሞስታትም (ሙቀትን የሚቆጣጠር የስሌት ዘዴ) አስወግድ፤ የሞለኪውሎቹን መንቀጥቀጥ ቀስ በቀስ ወደ ጅምላ ጉዞ ይለውጠዋል።

አሁን ወደ ማሞቁ፤ ዋናው ችግር እዚህ ነው። ግሮማክስ የቴርሞስታት ቡድን የሚያውቀው በአቶም ቁጥር እንጂ በቦታ አይደለም። «የግራ ውሃ» ብለህ 340 የሰጠኸው ሞለኪውል ቀኝ ደርሶም 340 እንደተባለ ይኖራል። በዚያ ላይ የሲሙሌሽኑ ሳጥን በየጎኑ ራሱን ስለሚደግም የግራው ገንዳ ጀርባ ከቀኙ ጀርባ ጋር ይገናኛል፤ ቱቦዋ ላይ መቆየት የነበረበት ልዩነት በጓሮ በር ያልቃል።

ስለዚህ ውሃውን ተወው፣ ካርበኑን አሙቅ። በሁለቱ ገንዳዎች ውጫዊ ጫፍ ላይ አንዳንድ የግራፊን (የአንድ አቶም ውፍረት ያለው ካርበን) ንጣፍ እንደ ፒስተን አቁም፤ ከኋላቸው 3 ናኖሜትር ባዶ ቦታ ይኑር። ቴርሞስታቱ እነሱ ላይ ብቻ ይዋል። ካርበኖቹን ሙሉ በሙሉ ከቆለፍካቸው ግን ሙቀት አያስተላልፉም። ፒስተኑን በ1 ባር ግፋው፤ 3 በ3 ናኖሜትር ለሆነ ንጣፍ ጠቅላላው ኃይል 0.9 ፒኮኒውተን ነው፣ በግሮማክስ መለኪያ 0.54 ኪሎጁል በሞል በናኖሜትር፤ ለካርበኖቹ ቁጥር አካፍለው። ፒስተን ከሌለ የሞቀው ውሃ መስፋፊያ ያጣና ግፊቱ ይጨምራል፤ አንተም በግፊት የተነዳውን ፍሰት በሙቀት የተነዳ ትለዋለህ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

40 ኬልቪንን በ1.34 ናኖሜትር ላይ መጫን ደግሞ በናኖሜትር 30 ኬልቪን ማለት ነው። በ2008 በናኖቱዩብ ላይ የተጫነ ጭነት ከሞቀው መሀል ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ሲንቀሳቀስ በሙከራ ሲታይ፣ የተገመተው በናኖሜትር 1 ኬልቪን አካባቢ ነበር። ቱቦዋን 20 ናኖሜትር አድርጋትና 2 ይሆንልሃል። ከዚያ ሙቀቱን በየ0.5 ናኖሜትሩ ለክተህ ሥለው፤ ጫፎቹ ላይ የሙቀት ዝላይ ስለሚኖር መሀሉን ብቻ ተጠቀም።

በመጨረሻ ሞቃቱንና ቀዝቃዛውን ወገን አቀያይር፦ ፍሰቱ አብሮ ካልዞረ ምክንያቱ ሙቀቱ አይደለም። እግረ መንገድህን የካርበንና የውሃውን መሳሳብ ከየት እንደቀዳኸው እይ፤ በ2001ዱ ሥራ ከ0.114 ወደ 0.065 ኪሎካሎሪ በሞል ሲወርድ ቱቦዋ አንዴ እየሞላች አንዴ እየደረቀች ታስቸግራለች።